ከአንዳሳ ወንዝ ድንጋይ ሥር የሚገኙትን የውሃ ነፍሳት በምን እንለያቸው? (በሰው ሠራሽ ዝንብ ለሚያጠምዱ)

ጠያቂ፦ ጣና ዳር

ለዚህ መድረክ ተሳታፊዎች በሙሉ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የምኖረው ባሕር ዳር ሲሆን በሰው ሠራሽ ዝንብ፣ ማለትም ነፍሳት እንዲመስል በተሠራ መንጠቆ፣ ዓሣ ማጥመድን በመማር ላይ ነኝ። ክረምቱ ወጥቶ ወንዞች ሲጠሩ፣ በኅዳር ወር ገደማ፣ ወደ ባሌ ሄጄ በዲንሾ አካባቢ ትራውት የሚባለውን የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ለማጥመድ አስቤአለሁ። እስከዚያው ግን በቅርቤ ያለውን ወንዝ መማሪያ ላድርገው በማለት፣ ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ወደሚገኘው የአንዳሳ ወንዝ እየሄድኩ በድንጋይ ሥር የሚኖሩትን ነፍሳት አጠናለሁ፤ ውሃው በዚህ በግንቦት ወር ዝቅ ያለና የጠራ ስለሆነ ሥራው አያስቸግርም።

ያሉኝ መጻሕፍት የአውሮፓንና የአሜሪካን ወንዞች መነሻ አድርገው የተጻፉ ናቸው። ሜይፍላይ፣ ስቶንፍላይና ካዲስ የሚባሉትን ሦስት የውሃ ነፍሳት ወገኖች ለይቶ ማወቅ ለአጥማጅ የግድ መሆኑን ደጋግመው ይናገራሉ፤ እኔ እዚህ የማገኛቸውን ነፍሳት ከሥዕሎቻቸው ጋር ማመሳሰል ግን አልሆነልኝም። የምሰበስበው እንዲህ ነው፦ የወጥ ቤት ማጥለያ ከድንጋዩ ዝቅ ብሎ ውሃው በሚወርድበት በኩል እይዛለሁ፣ ድንጋዩን አንስቼ በእጄ አሻሸዋለሁ፣ ከዚያም ማጥለያው ውስጥ የቀረውን ውሃ በያዘ ነጭ ሳህን ላይ እገለብጠዋለሁ።

እስካሁን ያገኘኋቸው አምስት ዓይነት ይመስሉኛል። አንደኛው ጠፍጣፋ፣ ራሱ ሰፊ፣ ዓይኖቹ ከራሱ አናት ላይ የሆኑ፣ ሦስት ረጃጅም ጅራት ያለውና ከድንጋዩ ላይ ለማላቀቅ የሚያስቸግር ነው። ሁለተኛው ቀጭንና ትንሽ ሲሆን፣ ሳህኑ ላይ እንደ ዓሣ ጫጩት እየተወራጨ ይዋኛል፤ ሁለት ጅራት ብቻ ያየሁበት ይመስለኛል። ሦስተኛው ትል መሰል ነው፤ ራሱና ከራሱ በስተኋላ ያለው ጀርባው ጠንካራ፣ ሌላው ገላው ለስላሳና አረንጓዴ ቀመስ ሆኖ በሆዱ በኩል ላባ የመሰለ ነገር፣ በመጨረሻው ላይ ደግሞ ሁለት መንጠቆዎች አሉት፤ ያገኘሁትም ከድንጋዩ ጋር በተጣበቀ ደቃቅ መረብ አጠገብ ነው። አራተኛው ረዘም ያለና ቀጭን ሆኖ በጅራቱ በኩል ሦስት ቅጠል መሰል ነገሮች አሉት። አምስተኛው ውሃው በኃይል በሚወርድበት ቦታ ድንጋዩ ላይ ተሰብስቦ የሚለጠፍ፣ የታችኛው ጫፉ ወፈር ያለ ጥቁር ፍጥረት ነው።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ሁለት ጅራት ያለው ሁለተኛው ስቶንፍላይ ነውን? ደግሞስ እዚህ የተማርኩት ነገር ለባሌው ትራውት ይጠቅመኛልን?


ገባር፦

እንኳን ወደዚህ ሙያ በደህና መጡ። እኔ በውጭ አገር በኖርኩባቸው ዓመታት ትራውት አጥምጃለሁ፤ እዚያ ለጀማሪ የሚሰጠው ምክር አጭር ነበር። ጅራቱን ቁጠር፤ ሦስት ከሆነ ሜይፍላይ፣ ሁለት ከሆነ ስቶንፍላይ፣ ጅራት ከሌለው ደግሞ ካዲስ ነው። በዚህ ሚዛን ሁለተኛው ስቶንፍላይ፣ አንደኛውና አራተኛው ሜይፍላይ፣ ሦስተኛው ካዲስ ይሆናሉ ማለት ነው። አምስተኛውን አላውቀውም፤ ነገር ግን ከነጭርሱ ዓሣ የሚያጠግብ አይመስለኝም። ብዙ መመራመር ሳያስፈልግ ውሃ ዳር ቆሞ ዓሣው በምን ላይ እንደሚነሳ መመልከት ከሁሉም ይበልጣል።


ዓሣና ወንዝ፦

ውሃ ዳር ቆሞ መመልከት እንደሚገባ ከገባር ጋር እስማማለሁ። የጅራት ቆጠራው ግን ለአንዳሳም ሆነ ለሌሎች ወንዞቻችን አይበቃም፤ ከቀረቡት አምስት ነፍሳት ውስጥ ሁለቱን ያለ ቦታቸው አስቀምጧቸዋል። ሁለት ጅራት ብቻ ያላቸው ሜይፍላዮች ብዙ ናቸው። በተለይ ቤቲዴ በሚባለው ቤተሰብ ውስጥ መካከለኛው ጅራት ከግራና ቀኙ እጅግ ያጠረባቸው ወይም ጨርሶ የጠፋባቸው ዝርያዎች ይገኛሉ። በዚያ ላይ ጅራት በቀላሉ የሚሰበር አካል ስለሆነ፣ በማጥለያ ተይዞ ሳህን ላይ የተገለበጠ ነፍሳት ስንት ጅራት እንደነበረው አንዳንዴ የሚታወቅ አይደለም።

ስለዚህ ከጅራት በፊት የሚታዩ ሌሎች ነገሮች አሉ። በመጀመሪያ እግሩን ይመልከቱ። መገጣጠሚያ ያላቸው ስድስት እግሮች ከሌሉት ከዝንብና ከትንኝ ወገን ነው፤ ሌላ ምርምር ሳያስፈልገው ወደ ጎን ሊያደርጉት ይችላሉ። እግር ካለው ጀርባውን ይመልከቱ። ሜይፍላይና ስቶንፍላይ ከእንቁላል ከተፈለፈሉ ጀምሮ ቅርጻቸው ወደፊት የሚሆኑትን ባለክንፍ ነፍሳት እየመሰለ ያድጋል፤ በዚህ ኒምፍ በሚባለው ዕድሜያቸው፣ ደረታቸው ላይ ወደኋላ የተኙ የክንፍ እንቡጦች ይታያሉ፣ ሊወጡ ሲቃረቡም እንቡጦቹ ይጠቁራሉ። ካዲስ ግን እጭ ሆኖ ያድግና ፑፓ በሚባለው ደረጃ ውስጥ አልፎ ነው ክንፍ የሚያወጣው፤ ስለዚህ በእጩ ጀርባ ላይ የክንፍ እንቡጥ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

ሜይፍላይንና ስቶንፍላይን የሚለየው ዋናው ምልክት ስንጥብ፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሚተነፍሱበት አካል ነው። የሜይፍላይ ስንጥብ በሆዱ ግራና ቀኝ ተደርድሮ ይገኛል፤ ነፍሳቱ በሕይወት እያለ ውሃ ባለበት ሳህን ላይ ብታስቀምጡት፣ እነዚያ ቅጠል ወይም ክር መሰል ነገሮች ሲርገበገቡ በዓይን ይታያሉ። በእኛ ወንዞች የሚገኘው ስቶንፍላይ በሆዱ ጎንና ጎን እንዲህ ያለ ነገር የለውም፤ የእሱ ስንጥብ እግሮቹ ከደረቱ በሚገናኙበት ብብት በሚመስለው ሥፍራ ጭፍቅ ብሎ የበቀለ ነው። ሁለተኛው ምልክት የእግር ጥፍር ሲሆን፣ ይህን ለማየት አጉሊ መነፅር ያስፈልጋል። የሜይፍላይ ኒምፍ በእያንዳንዱ እግሩ ጫፍ አንድ ጥፍር፣ ስቶንፍላይ ደግሞ ሁለት ጥፍር አለው። ጅራቱ ተሰብሮም ስንጥቡ ረግፎም ቢሆን ጥፍር አይዋሽም።

ወደ እርስዎ ነፍሳት ስመለስ፣ አንደኛው ሄፕታጄኒዴ ከሚባለው የሜይፍላይ ቤተሰብ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ጠፍጣፋነቱ ፈጣን ወራጅ ውስጥ ከድንጋይ ጋር ተለጥፎ ለመኖር የተሠራበት ነው። የዚህ ቤተሰብ አባል የሆነው አፍሮኑረስ በአፍሪካ ወንዞች በሰፊው የሚገኝ ነው። ሁለተኛው በአዋዋኙ ሲታይ ቤቲዴ ይመስለኛል፤ እርግጠኛ ለመሆን ጥፍሩን ይዩልኝ። ሦስተኛው ሃይድሮሳይኪዴ የሚባለው መረብ ሠሪ ካዲስ ነው። ይህ ካዲስ እንደ ሌሎቹ ቤት ይዞ አይዞርም፤ ከአፉ በሚያወጣው ሐር መሰል ክር በድንጋዮች መካከል መረብ ዘርግቶ ወራጁ የሚያመጣለትን ደቃቅ ምግብ ይለቅማል። ከአሸዋ ወይም ከቅጠል ቁራጭ ትንሽ ቤት ሠርተው የሚኖሩትን ካዲሶች ለማየት ከፈለጉ፣ ቅጠል የተከማቸበትንና ውሃው ዝግ የሚልበትን የወንዙን ዳር ይፈልጉ። እንጨት መስሎ የሚንቀሳቀስ ነገር ካዩ እሱ ነው።

አራተኛው ሜይፍላይ አይደለም። ክንፏን በጀርባዋ ላይ ገጥማ የምታርፈው ቀጭኗ የውሃ ተርብ ልጅ ናት። ሦስቱ ቅጠል መሰል ነገሮች ጅራት ሳይሆኑ ስንጥቦች ናቸው፤ በሆዷ ጎንና ጎን ምንም አታገኙም። አጉሊ መነፅር ይዘው ከራሷ ሥር ቢመለከቱ፣ እንደ ክንድ ታጥፎ የተቀመጠና ሌሎች ነፍሳትን ለመያዝ በድንገት የሚወረወር ከንፈር ታያላችሁ፤ ይህ የሁሉም የውሃ ተርብ ልጆች መለያ ነው።

አምስተኛው ገባር እንዳለው የሚናቅ አይደለም። የጥቁር ዝንብ እጭ ነው። በኋላኛው ጫፉ ባሉት ጥቃቅን መንጠቆዎች ራሱ ድንጋዩ ላይ ባጣበቀው ክር ላይ ተተክሎ ይቆማል፤ በራሱ ላይ ባሉት ማራገቢያ መሰል ነገሮችም ምግቡን ከወራጁ ያጣራል። ከሐይቅ የሚወጣ ወንዝ ከሐይቁ ደቃቅ ምግብ ይዞ ስለሚወርድ፣ በመውጫው አቅራቢያ ጥቁር ዝንብና መረብ ሠሪ ካዲስ አብዝተው መገኘታቸው የተለመደ ነው። ትንሽ ቢሆንም ብዛት ስላለው ዓሣ ይመገበዋል። ሲያድግ ሴቷ ሰውን የምትነክስ ዝንብ ትሆናለች፤ አንዳንዶቹ ዝርያዎችም ኦንኮሰርኪያሲስ የተባለውን ዓይንን የሚያጠፋ በሽታ ያስተላልፋሉ። ስለዚህ ረጅም እጅጌ ለብሶ መሄድ ተገቢ ነው።

ስቶንፍላይ እስካሁን አለማግኘትዎ አያስገርምም። በምሥራቅ አፍሪካ የሚታወቁት ስቶንፍላዮች ከሞላ ጎደል ሁሉም ኒዮፔርላ ከሚባለው ወገን ናቸው፤ መጽሐፍዎ ውስጥ ከተሣሉት በርካታ ዓይነቶች ውስጥ አብዛኞቹን እዚህ መፈለግ አያስፈልግም። ይህም የሚኖረው ድንጋያማ በሆነ፣ ፈጥኖ በሚወርድና ንጹሕ በሆነ ውሃ ነው። ልብስ ከሚታጠብበትና ከብት ከሚጠጣበት መሻገሪያ ከፍ ብለው ቢፈልጉ የማግኘት ዕድልዎ ይጨምራል፤ ውሃ ሲቆሽሽ ቀድመው ከሚጠፉት አንዱ እሱ ነውና።


ከሮቤ፦

የሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልመልስ፤ ወደ ዲንሾ ብዙ ጊዜ እሄዳለሁ። በመጀመሪያ፣ ትራውት በአንዳሳ ወይም በጣና ይገኛል ብሎ የሚጠብቅ ሰው እንዳይኖር፣ ምክንያቱን መናገር ይገባል። ትራውት ቀዝቃዛና ኦክስጅን የሞላበት ውሃ ይፈልጋል፤ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ይጨነቃል። ዲንሾ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ሲሆን ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ነው። በባሌ ያሉት ቡናማውና ቀስተ ደመናው ትራውትም ቢሆኑ የአገራችን ተወላጆች አይደሉም፤ ከኬንያ መጥተው እንደ ዌብና ዳንካ ባሉት ወንዞች የተለቀቁ ናቸው።

እዚያ ያለው ትራውት የሚመገበው ግን እርስዎ አንዳሳ ላይ ከሰበሰቧቸው ወገኖች ነው። ቤቲዴ፣ መረብ ሠሪ ካዲስ፣ የጥቁር ዝንብና የትንኝ እጭ በደጋው ወንዝም አሉ። ዝርያው ሊለያይ ይችላል፤ ይሁንና ዓሣው የዝርያ ስም ጠይቆ አይነክስም። ለአጥማጅ የሚያስፈልገው ወገኑን ለይቶ ማወቅ፣ ከዚያም መጠኑን፣ ቅርጹን፣ መልኩንና ከሁሉም በላይ አኳኋኑን መከተል ነው። የሚዋኘውን ቤቲዴ የሚመስል ዝንብ በውሃው መካከል በቀስታ ሳብ እየተደረገ ይነዳል። የጠፍጣፋው ግን ከድንጋይ ላይ ሲላቀቅ መዋኘት ስለማይሆንለት ወራጁ እንደወሰደው ይሄዳል፤ እሱን የሚመስለውን ዝንብ ክብደት ጨምሮ ወደ ወለሉ ማስጠጋትና ክሩን ሳይጎትቱ መልቀቅ ይሻላል። የካዲስ ፑፓ ደግሞ ከወለል ወደ ላይ ሲወጣ ስለሚበላ፣ ዝንቡ ከታች ሲያንዣብብ ቆይቶ በመጨረሻ ከፍ እንዲል ማድረግ ይጠቅማል። ይህን ሁሉ ያለ ትራውትም ቢሆን አንዳሳ ላይ መለማመድ ይቻላል።

አንድ የማያስማማኝ ነገር አለ። የውጭ መጻሕፍት የትኛው ነፍሳት በየትኛው ወር ከውሃ እንደሚወጣ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ያወጣሉ፤ ያንን ሰንጠረዥ ይዞ ወደ ባሌ መሄድ አይረባም። በእነሱ አገር ክረምትና በጋ በሙቀት እጅግ ስለሚራራቁ እያንዳንዱ ዓይነት ነፍሳት በተወሰነ ወቅት አብሮ ይወጣል። በእኛ አገር የሙቀቱ ልዩነት ከወር እስከ ወር ያን ያህል ስላልሆነ፣ ብዙዎቹ በዓመቱ ውስጥ በተለያየ ጊዜ ጥቂት በጥቂት ይወጣሉ። ወቅቱን የሚወስነው ይበልጡን ዝናብና ጎርፍ ነው። ስለዚህ ሰንጠረዡን ትተው፣ በደረሱበት ዕለት ሁለት ሦስት ድንጋይ አንስተው መመልከትን ልማድ ያድርጉ። ፈቃድን በተመለከተም ወንዝ ከመውረድዎ በፊት በዲንሾ የሚገኘውን የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ።


ጣና ዳር፦

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። በተሰጠኝ ምክር መሠረት ሁለተኛውን ነፍሳት በአጉሊ መነፅር ተመልክቼዋለሁ። በእያንዳንዱ እግሩ ጫፍ ያለው ጥፍር አንድ ነው፤ በሆዱ ግራና ቀኝም ሞላላ ቅጠል መሰል ስንጥቦች አሉት። መካከለኛው ጅራቱም በጣም አጭር ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ቤቲዴ ለማለት ደፍሬአለሁ። ከመሻገሪያው ከፍ ብዬም ባለ ሁለት ጥፍርና ብብቱ ላይ ጭፍቅ ያለ ስንጥብ ያለው፣ ቡናማ መልኩ በቢጫ የተዥጎረጎረ አንድ ትልቅ ነፍሳት አግኝቻለሁ።

የቀረኝ ጥያቄ ክንፍ ስላወጡት ነው። አመሻሽ ላይ በሐይቁ ዳር ባሉት መብራቶች ዙሪያ ብዙ ዓይነት በራሪ ይሰበሰባል፤ አንዳንዱም መስኮት ላይ አርፎ ያድራል። እነዚህንስ በምን መለየት ይቻላል? በተጨማሪም ነጭ ዓሣን በሰው ሠራሽ ዝንብ ለማጥመድ መሞከር ያዋጣል ወይ?


የቀድሞ መምህር፦

ልጄ፣ ጥያቄህን ስላየሁት ደስ ብሎኛል፤ በሥነ ሕይወት መምህርነት የቆየሁ በመሆኔ የማውቀውን ላካፍልህ። ክንፍ ያወጣውን ለመለየት ሲያርፍ ክንፉን እንዴት እንደሚያስቀምጥ ማየት ከሁሉ ይቀላል። ሜይፍላይ ክንፉን እንደ ጀልባ ሸራ ቀጥ አድርጎ አቁሞ ያርፋል፤ የኋላ ክንፉ በጣም ትንሽ ወይም ጨርሶ የሌለ ነው፤ ከኋላው ረጃጅም ጅራቶች ይታያሉ፤ ቀንዶቹ ግን ልብ ካላሉት የማይታዩ አጫጭር ናቸው። ካዲስ ክንፉን እንደ ጎጆ ክዳን አሹሎ በጀርባው ላይ ያለብሳል፤ ክንፉ ጠጉራም፣ ቀንዶቹ ረጃጅም ናቸው፤ ጅራት የለውም። ቀለሙ የደበዘዘ ስለሆነ ብዙ ሰው ብል ይመስለዋል፤ ነገር ግን ክንፉን በጣት ብትዳስሰው እንደ ብል ዱቄት አይለቅም። ስቶንፍላይ ክንፎቹን አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ ጠፍጣፋ አድርጎ በጀርባው ላይ ያስተኛል። በመብራት ዙሪያ እንደ ጢስ ተሰብስቦ የሚታየው አብዛኛው ግን ከእነዚህ አንዱ አይደለም፤ ኪሮኖሚዴ የሚባለው የማይነክስ ትንኝ ነው። ሁለት ክንፍ ብቻ አለው፣ ጅራት የለውም፣ የወንዱም ቀንድ እንደ ላባ የተንዠረገገ ነው። የዚህ ትንኝ እጭ በሐይቁ ጭቃ ውስጥ ይኖራል፤ አንዳንዱም ደማችንን ቀይ የሚያደርገው ሂሞግሎቢን በአካሉ ስላለው፣ ኦክስጅን ባነሰበት ጭቃ እንኳ መኖር ይችላል። ደም የመሰለ ቀይ ትል በማጥለያህ ካገኘህ እሱ ነው።

በሜይፍላይ ላይ አንድ ልብ ልትለው የሚገባ ነገር አለ። ክንፍ ካወጣ በኋላ እንደገና ቆዳውን የሚገፍ ነፍሳት እሱ ብቻ ነው። ከውሃ እንደወጣ ክንፉ ደብዛዛና ጭጋግ የለበሰ ይመስላል፤ ጥቂት ቆይቶ፣ ብዙውን ጊዜ በማግሥቱ፣ ቆዳውን ገፍፎ ክንፉ እንደ መስተዋት የጠራ ይሆናል። በዚህ ጊዜ አይበላም፤ ተራክቦ፣ እንቁላሉን ውሃ ላይ ጥሎ ይሞታል። ጠዋት መስኮትህ ላይ ባዶ ቆዳ ተጣብቆ ብታገኝ፣ የሌላ ዓይነት ነፍሳት ነው ብለህ እንዳትመዘግበው። ለአጥማጅም ልዩነቱ ጠቃሚ ነው፤ ደብዛዛው ውሃው ላይ ክንፉን አቁሞ ሲንሳፈፍ ይበላል፣ የጠራው ደግሞ ሞቶ ክንፉን ዘርግቶ ሲወርድ ነው የሚበላው፤ የሁለቱ ዝንብ አሠራርም ይለያያል።

ነጭ ዓሣን በተመለከተ ጉዳዩ ሰፊ ነው። በጣና የሚኖሩት የላቤኦባርበስ ወገን ነጭ ዓሣዎች ከ15 በላይ ዝርያዎች ናቸው፤ አብዛኞቹም ከዚህ ሐይቅ ውጭ በዓለም ላይ የትም አይገኙም። ከእነዚህ ውስጥ 8ቱ ዓሣ በል ናቸው። ከ8ቱ አንዱ እንዲያውም ቅርጹ ትራውትን ስለሚመስል ሳይንሳዊ ስሙ ትሩቲፎርሚስ ተብሏል፤ ይሁን እንጂ ለእሱ የቤቲዴ አምሳያ ብታቀርብለት ዞር ብሎም አያይህም፣ ትንሽ ዓሣ የሚመስል ነገር ነው የሚያባርረው። በወንዞች ውስጥ ሳይቀር የሚገኘውና ብዙ ዓይነት ምግብ የሚበላው ኢንተርሜዲየስ የተባለ የነጭ ዓሣ ዝርያ ነፍሳትም ስለሚመገብ፣ ለአንተ ሙከራ የሚስማማው እሱ ነው። ቤሶ የሚባለው ግን ከድንጋይ ላይ አልጌ እየፋቀ የሚኖር ስለሆነ በዝንብ ብትሞክረው ጊዜህን ታባክናለህ።

የምትሞክርበት ጊዜ ላይ ግን አጥብቄ ልናገር። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ በርካታዎቹ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች እንቁላል ለመጣል ከሐይቁ ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ይወጣሉ። በዚያን ጊዜ በወንዞቹ አፍ ላይ ተሰብስበው ስለሚገኙ መረብ ለሚዘረጋ ሰው ቀላል ናቸው፤ የዓሣው ቁጥር እንዲመናመን ካደረጉት ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው። በዝንብ የሚያጠምድ ሰው የሚይዘው ጥቂት ቢሆንም በዚያ ወቅት ከገባሮቹ መራቅ አለበት ብዬ አምናለሁ። ለነገሩ ወንዙ በክረምት ደፍርሶ ስለሚሞላ ዝንብህን የሚያየው ዓሣ አይኖርም፤ ጎርፉ ድንጋዩን ስለሚያገላብጠውም ነፍሳቱ ራሳቸው ይሳሳሉ። ውሃው ከጠራ በኋላ ከኅዳር እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ለነፍሳቱም ጥናት ለማጥመዱም የተሻለ ነው።

አንዳንድ ቦታ ዓሣ ለመያዝ የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ይጨመራል። በፍሬው ያለው መርዝ የዓሣውን መተንፈስ ያውካል፤ ነፍሳትንም አይምርም። ድንጋይ እያነሳህ ምንም ሕይወት ያለው ነገር የማታገኝበት የወንዝ ክፍል ቢያጋጥምህ፣ ከውሃው ጥራትና ከጎርፍ በተጨማሪ ይህንንም ጠይቅ፤ በአካባቢው ያሉ ሰዎች ያውቁታል። ሌላው፣ በባዶ እግርህ ውሃ ውስጥ አትግባ። በጣና ዳርቻና በአካባቢው ወንዞች ቢልሃርዚያ አለ፤ ተሸካሚው ቀንድ አውጣ ውሃው ዝግ በሚልባቸው ሣር በበዛባቸው ዳርቻዎች ስለሚኖር፣ ቤት ያለውን ካዲስ ፍለጋ የምትሄድበት ቦታ ከዚያው ነው። ረጅም ቦቲ ጫማና የጎማ ጓንት ያስፈልግሃል። በዓባይ መውጫ አካባቢ ጉማሬም ስላለ ከማለዳና ከምሽት ተጠንቀቅ።


ጣና ዳር፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ብርብራውን በተመለከተ የተናገሩትን በመንደሩ ሰዎች ጠይቄ አጣራለሁ። ለዓሣና ወንዝ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ላቅርብ፦ የሰበሰብኳቸውን ነፍሳት ሳይበላሹ እንዴት አስቀምጣቸው? የመንጠቆውን ቁጥርስ ከእነሱ ጋር እንዴት ላስማማው?


ዓሣና ወንዝ፦

ለማስቀመጥ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ 70 በመቶ አልኮል ይበቃል፤ ክዳኑ በደንብ በሚገጥም ትንሽ ብልቃጥ ያድርጉት። ነፍሳቱን በወረንጦ ሲያነሱ ከወገቡ ሳይሆን ከእግሩ ወይም ከክንፉ እንቡጥ አካባቢ በቀስታ ይያዙት፤ የሜይፍላይ ስንጥብና ጅራት ቶሎ ይረግፋል። ቦታውን፣ ቀኑንና ውሃው ፈጣን ወይም ዝግ ያለ መሆኑን በእርሳስ በትንሽ ወረቀት ጽፈው ወረቀቱን አልኮሉ ውስጥ ከነፍሳቱ ጋር ይጨምሩት፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይጠፋል። አልኮል የነፍሳቱን መልክ ስለሚያነጣው፣ ዝንብ ለመሥራት የሚረዳዎትን ቀለም ከመጨመርዎ በፊት በስልክ ፎቶ አንስተው ወይም በቃል ጽፈው ይያዙ። ፎቶውን ነጭ ሳህን ላይ ከማስመሪያ አጠገብ ቢያነሱት መጠኑም አብሮ ይታወቃል።

መንጠቆን በተመለከተ፣ ቁጥሩ ሲያድግ መንጠቆው እንደሚያንስ ያስታውሱ። ነፍሳቱን ከራሱ እስከ ሆዱ ጫፍ ይለኩት፤ ጅራት አይቆጠርም። ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ለሆነ ቤቲዴ 16 ወይም 18 ቁጥር፣ ለመረብ ሠሪው ካዲስ 12 ወይም 14 ቁጥር ይስማማል፤ የጥቁር ዝንብን እጭ ለማስመሰል ደግሞ 18 ቁጥር ይስማማል። ቁጥሩ ከአምራች አምራች ስለሚለያይ መንጠቆውን ከነፍሳቱ አጠገብ ሳህኑ ላይ አስቀምጠው ማወዳደር ከማንኛውም ሰንጠረዥ ይበልጣል። ከመሻገሪያው በላይ ያገኙት ቢጫ ዝንጉርጉር ነፍሳት በሰጡት ምልክት ኒዮፔርላ መሆን አለበት፤ ለእሱ 10 ቁጥር ይያዙና፣ በሁለቱም በኩል የሚታዩትን ጥፍሮች የሚያሳይ ፎቶ ካለዎት እዚህ ያስገቡልን።